የካልሲየም በርና ዶፓሚን፦ ከአይጥ ቤተ ሙከራ እስከ ደጎሎ ዋልካ መሬት

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ከጃማ ወረዳ ርእሰ ከተማ ከደጎሎ አንስቶ እስከ መካነ ሰላም ባለው አገር፣ ዋልካውን መሬት ከሚሸፍኑት የጥራጥሬ ዓይነቶች መካከል ሁለቱ ለነርቭ ሕክምና ልዩ ትርጉም አላቸው። አንደኛው ባቄላ ነው። ባቄላ በአንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠውን ሌቮዶፓ በተፈጥሮው ይዟል። እንዲያውም ሌቮዶፓ እ.ኤ.አ. በ1913 ለመጀመሪያ ጊዜ ከተፈጥሮ ምንጭ ተነጥሎ የተገኘው ከዚሁ ተክል ነው። ሁለተኛው ጓያ ነው። ጓያ ዝናብ በጠፋበት፣ ሌላው አዝመራ በከሸፈበት ዓመት ሳይቀር በቀረው እርጥበት በቅሎ ቤተሰብን ከረሃብ የሚያድን ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ቤታ-ኦዳፕ የተባለ አሚኖ አሲድ ግን ካልሲየም ከልክ በላይ ወደ ነርቭ ሕዋስ እንዲገባ በር ይከፍታል። አንዱ ዶፓሚንን ይተካል፤ ሌላው የእግርን እንቅስቃሴ ለዘለቄታው ይነጥቃል።

ይህ አጋጣሚ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጤና ባለሙያ ብዙም ባልጠቀመ ነበር። ነገር ግን አካሄዱ የተበላሸበት ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ራሱም ሆነ አስታማሚው የሚሰጡት ቃል አብዛኛውን ጊዜ «እግሩ ከዳው»፣ «ሰውነቱ ታሰረ» ወይም «ሽባ ሆነ» የሚል ነው። ከዚህ አንድ ቃል በስተጀርባ ግን የተለያየ የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ክፍል፣ የተለያየ መድኃኒት፣ ከሁሉም በላይ የተለያየ ተስፋ አለ። አንዱ መድኃኒት በማቆም ብቻ ይድናል፤ አንዱ በመድኃኒት ለዓመታት ይሻለዋል፤ አንዱ አስቀድሞ በመከላከል ካልሆነ በቀር መመለሻ የለውም። ይህን ልዩነት ለመረዳት ካልሲየምና ዶፓሚን በእንቅስቃሴ ላይ ያላቸውን ሚና ማወቅ ይጠቅማል። ስለዚህ ሚና የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘውም ከአይጦች ነው።

ካልሲየም ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው አጥንትና ጥርስ ነው። በነርቭ ሕዋስ ዘንድ ግን ካልሲየም ትእዛዝ አስተላላፊ ነው። ከሕዋሱ ውጭ ያለው የካልሲየም ክምችት ከውስጡ ከ10 ሺህ እጥፍ በላይ ስለሚበልጥ፣ በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ያለ አንድ በር ለቅጽበት እንኳ ቢከፈት ካልሲየም እንደ ጎርፍ ይገባል። በገባም ጊዜ ሕዋሱ ኬሚካዊ መልእክቱን ይለቃል፣ ጂኖችን ያነሳሳል፣ ቅርንጫፎቹን ይለውጣል። የገባው ካልሲየም ተመልሶ እስኪወጣ ድረስም ጉልበት ይባክናል። ከእነዚህ በሮች አንዳንዶቹ የሚከፈቱት በኤሌክትሪክ ለውጥ ነው፤ ለደም ግፊት የሚታዘዙት ኒፌዲፒንና አምሎዲፒን የሚዘጉት ከእነዚህ ወገን የሆነውንና ኤል የሚባለውን ዓይነት ነው። ሌሎቹ ደግሞ ግሉታሜትን የመሰለ ኬሚካል ሲነካቸው ይከፈታሉ። የጓያ ጉዳይ የሚመለከተው እነዚህን ሁለተኛዎቹን ነው።

ከአይጥ የተማርነውና ያልተማርነው

እ.ኤ.አ. በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰንና ባልደረቦቻቸው ሬዘርፒን የተባለውን መድኃኒት ለአይጦችና ለጥንቸሎች ሰጡ። እንስሳቱም ደንዝዘው መንቀሳቀስ አቃታቸው፤ ሌቮዶፓ ሲወጉ ግን ነቅተው መንቀሳቀስ ጀመሩ። ዶፓሚን ራሱን የቻለ የአንጎል መልእክተኛ መሆኑ የታወቀው በዚህና ይህን በተከተሉት ሥራዎች ሲሆን፣ ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ1968 ኡንገርስቴት የተባሉት ተመራማሪ ስድስት-ሃይድሮክሲ ዶፓሚን የተባለውን መርዝ በአንድ ወገን አንጎል ብቻ በመውጋት የዶፓሚን ሕዋሳትን የሚያጠፉበትን የአይጥ ሞዴል አስተዋወቁ። ይህ ሞዴል እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው።

እንስሳው ሁልጊዜ ሰውን ይመስላል ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 በካሊፎርኒያ ኤምፒቲፒ የተባለ ንጥረ ነገር የተቀላቀለበት ሕገወጥ ዕፅ የወሰዱ ወጣቶች በድንገት እንደ ፓርኪንሰን ሕመምተኛ ግትር ሆነው ተገኙ። ይኸው መርዝ ትናንሽ አይጦችን ሲጎዳ ትላልቆቹ የቤተ ሙከራ ነጭ አይጦች ግን በእጅጉ ይቋቋሙታል። በቅርብ ዘመዳሞች መካከል እንኳ ይህን ያህል ልዩነት ካለ፣ ከአይጥ ወደ ሰው የሚደረገው ዝላይ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ ግልጽ ነው።

የካልሲየም በር በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባው በአንድ ጥያቄ ምክንያት ነው። ፓርኪንሰን በሽታ በመሃል አንጎል፣ ሰብስታንሺያ ናይግራ በሚባለው ጥቁር ክፍል የሚገኙትን የዶፓሚን ሕዋሳት አስቀድሞ የሚያጠቃው፣ አጠገባቸው ያሉትን ሌሎች የዶፓሚን ሕዋሳት ግን በአንጻሩ የሚምራቸው ለምንድን ነው? በአይጥ አንጎል ስስ ቁራጮች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች እንደታየው የሰብስታንሺያ ናይግራ ሕዋሳት ማንም ሳያዛቸው እንደ ልብ በራሳቸው ምት ይሠራሉ፤ በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ጊዜ ያህል የኤሌክትሪክ ምት ያወጣሉ። በእያንዳንዱ ምት ካቭ 1.3 በሚባለው የኤል ዓይነት በር በኩል ካልሲየም ይገባል። የገባውን መልሶ ለማስወጣት ማይቶኮንድሪያ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ከሥራውም ጋር ሕዋሱን የሚያቃጥሉ የኦክስጅን ውላጆች ይፈጠራሉ። ጎረቤቶቻቸው ግን በካልሲየም ላይ ያላቸው ጥገኝነት ያነሰ ነው፤ ብዙዎቹም ካልሲየምን ይዞ የሚያስቀር ካልቢንዲን የተባለ ፕሮቲን በብዛት አላቸው። እንግዲህ ሕዋሱን በሕይወት የሚያቆየው ምት ራሱ ቀስ በቀስ ያረጀዋል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የጀምስ ሰርማየር ቡድን የኤል በርን የሚዘጋውን ኢስራዲፒን ለአይጦች ሰጥቶ የዶፓሚን ሕዋሳቱ በሌላ ዓይነት ምት መሥራታቸውን እንደቀጠሉና ከመርዝ ጉዳትም በከፊል እንደተጠበቁ አስታወቀ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎም ዶፓሚን በጠፋበት የአይጥ አንጎል፣ በስትራያተም ውስጥ ዲ2 የሚባለውን የዶፓሚን ተቀባይ የያዙት ሕዋሳት የመገናኛ እሾሆቻቸውን እንደሚያጡ፣ ካቭ 1.3 በጂን ለውጥ በተወገደ ጊዜ ግን እሾሆቹ እንደማይጠፉ ታይቶ ነበር። በሌላ አነጋገር ዶፓሚን ሲሄድ ልጓም ያጣው ካልሲየም ነው ተቀባዩን ሕዋስ የሚጎዳው። የደም ግፊት መድኃኒት ፓርኪንሰንን ይገታ ይሆናል የሚለው ተስፋ በዚህ ምክንያት ከፍ ብሎ ነበር፤ መድኃኒቱ ርካሽና በየመደርደሪያው የሚገኝ ዓይነት መሆኑም ተስፋውን አጠናከረው።

ይሁን እንጂ በሰው ላይ የተደረገው ሙከራ ውጤት ሌላ ሆነ። በሽታው ገና በጀመራቸው 336 ሕመምተኞች ላይ ለ36 ወራት በቀን 10 ሚሊግራም ኢስራዲፒን ተሰጥቶ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ጥናት፣ መድኃኒቱን የወሰዱትና ያልወሰዱት ሰዎች የበሽታ ግስጋሴ ልዩነት አልታየበትም። መጠኑ አንሶ ነው፣ ወይም ምልክቱ በሚታይበት ጊዜ ብዙዎቹ ሕዋሳት አስቀድመው አልቀዋል የሚል ክርክር ቀጥሏል። ለጤና ባለሙያው ግን የሚጨበጠው ነገር አንድ ነው፤ አምሎዲፒን ወይም ኒፌዲፒን ለደም ግፊት እንጂ ለፓርኪንሰን አይታዘዝም። ደም ግፊቱ ዝቅ ባለ አዛውንት ላይ ቢጨመርማ ሲነሳ እንዲወድቅ ከማድረግ በቀር ትርፍ የለውም።

ከአይጦቹ መካከል ቶተሪንግ የሚባለው ዝርያ ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ይህ ዝርያ ሲወለድ ጀምሮ ፒ/ኪው በሚባለው የካልሲየም በር ጂን ላይ ጉድለት ስላለበት ሲራመድ ይንገዳገዳል፤ ሲደነግጥ፣ አልኮል ወይም ካፌይን ሲሰጠው ደግሞ አካሉ ለተወሰነ ጊዜ ይጣመማል። የሚያስደንቀው፣ አንዱ በር ሲጎድል የኤል ዓይነቱ በር ከመጠን በላይ መሥራቱና ይህንኑ የሚዘጋ መድኃኒት ጥቃቱን መከልከሉ ነው። በሰውም የዚሁ ጂን ጉድለት በየጊዜው የሚነሳ መንገዳገድን ወይም ግማሽ አካልን የሚያደክም በቤተሰብ የሚተላለፍ ማይግሬንን ያመጣል፤ የመንገዳገዱን ጥቃት ለግላኮማ የሚታወቀው አሴታዞላሚድ ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል። የቡና አገር ሕዝብ ስለ ካፌይኑ ቢጠይቅ መልሱ ይህ ነው፤ እንዲህ ያለው የጂን ጉድለት በሌለበት ሰው ቡና ለፓርኪንሰን አያጋልጥም። እንዲያውም በሃዋይ በሚኖሩ ወንዶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመውን የመሰሉ ሰፋፊ የክትትል ጥናቶች እንዳሳዩት ቡና የሚጠጡት በበሽታው የሚያዙት ባነሰ መጠን ነው።

ጓያ

የጓያ ሽባነት ከዶፓሚን ጋር አይገናኝም። ከላይ የተገለጸው ግን እርሱን ለመረዳት ይረዳል፤ ምክንያቱም እዚህም ያለው ጉዳይ ከልክ በላይ የገባ ካልሲየምና የደከመ ማይቶኮንድሪያ ነው። ቤታ-ኦዳፕ ግሉታሜትን ስለሚመስል አምፓ የተባሉትን ተቀባዮች ይከፍታል። በህብለ ሰረሰር የእንቅስቃሴ ሕዋሳት ላይ ካሉት የአምፓ ተቀባዮች አንዳንዶቹ ካልሲየምን የሚያሳልፉ ናቸው። በአይጥ አንጎልና ህብለ ሰረሰር ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ደግሞ ይኸው መርዝ የማይቶኮንድሪያን የመጀመሪያውን የጉልበት ማምረቻ ሰንሰለት ያውካል። ኤምፒቲፒ የዶፓሚን ሕዋሳትን የሚያጠፋውም ይህንኑ ሰንሰለት በመዝጋት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ጥቃቱ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚያርፍበት ሕዋስ ግን የተለያየ ነው።

አይጥ እዚህ ላይ ደካማ ምስክር ነው። ለአካለ መጠን የደረሱ አይጦች ጓያ ቢመገቡም በቀላሉ ሽባ አይሆኑም። መርዙ ገና በተወለዱ አይጦች ላይ በተወጋ ጊዜ ጥቂቶቹ ብቻ የኋላ እግራቸው ሰንፏል። ስለዚህ ስለ ጓያ ሽባነት ዋናው ዕውቀት የተገኘው በሰው ላይ ከደረሰው መከራ ነው፤ ከዚህም ዕውቀት ከፍተኛ ድርሻ ያለው የኢትዮጵያ ነው።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በደምቢያና በፎገራ አካባቢ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት ከሺህ ሰው 6 ያህሉ በጓያ ሽባነት እንደተጠቃ አሳይቷል። ይኸው ቡድን በቡታጅራ አካባቢ ከ60 ሺህ በሚበልጥ የገጠር ሕዝብ ላይ ቤት ለቤት ባደረገውና በዚያው ዓመት በታተመው ጥናት ፓርኪንሰን የተገኘው ከ100 ሺህ ሰው በ7ቱ ብቻ ነበር። ሁለቱ ጥናቶች በተለያየ አካባቢ የተካሄዱ ቢሆኑም፣ ጓያ በሚበላበት ደጋ አንድ ወጣት በእግሩ ችግር ሲመጣ የትኛው ምክንያት ቀድሞ መታሰብ እንዳለበት ያመለክታሉ።

ወሎም የዚህን በሽታ ወረርሽኝ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ፣ በዚያን ጊዜ በሰሜን ወሎ ሥር በነበረው ደላንታ ዳውንት ሰብል በመጥፋቱ ሕዝቡ ጓያን ዋና ምግቡ አድርጎ ብዙ ሰው ለሽባነት ተዳርጓል። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ወረርሽኙን መርምረው በይበልጥ የተጎዱት ወጣቶችና ወንዶች መሆናቸውን፣ ጓያውን ቀቅሎ፣ ቆልቶ ወይም በእሸቱ መብላት የበለጠ እንደሚያጋልጥ፣ ከእህል ጋር ቀላቅሎ መብላትና እንደ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያሉ ቅመሞችን በወጡ መጨመር ግን አደጋውን እንደሚቀንስ ገልጸዋል። ከዚህ የሚገኘው ምክር ለረሃብ ዓመት የሚሆን ነው። ጓያ ብቻ ያለውን ቤተሰብ «ጓያ አትብሉ» ማለት «አትብሉ» ከማለት አይለይም። ጓያውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ የሚገኘውን ማንኛውንም እህል መቀላቀል፣ የምግብ ዕርዳታ የሚያከፋፍሉት ወገኖችም እህሉን ሽባነቱ ከታየ በኋላ ሳይሆን ጓያ ብቻ መበላት ከተጀመረበት ቀን አንስቶ እንዲያደርሱ ማሳሰብ ይቻላል። መርዙ ያነሰው ዋሴ የተባለ የጓያ ዝርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬ ተለቋል።

በምርመራ አልጋ ላይ

ልዩነቱን ለማግኘት የሚያስፈልገው መሣሪያ የጉልበት መዶሻና ትዕግሥት ነው። ጓያ የጎዳው ሰው በጣቶቹ እየተራመደ ጉልበቶቹን እንደ መቀስ ያጣምራል። ጡንቻዎቹ ተወጥረዋል፤ ጉልበቱ ሲመታ በኃይል ይፈናጠራል፤ ባቢንስኪ ምልክትም ይታያል። ነገር ግን የመዳሰስ ስሜቱ፣ አእምሮውና አብዛኛውን ጊዜ ሽንቱን የመቆጣጠር ችሎታው ደኅና ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ በድንገት፣ ከከባድ ሥራ ቀጥሎ ይጀምርና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባለበት ይቆማል። ስሜቱ ከወገብ በታች የደነዘዘ፣ ጀርባው የጎበጠ ወይም ሲነካ የሚያመው፣ ሽንት የያዘው ሰው ግን የጓያ ሕመምተኛ ነው ተብሎ መመለስ የለበትም። የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላልና፤ ቲቢ ደግሞ ይድናል። ጓያ በሚበላበት አገር ሊፈራ የሚገባው ትልቁ ስሕተት ይህ ይመስላል።

የፓርኪንሰን ሕመምተኛ በዕድሜ የገፋ ነው። እርምጃው አጭርና የሚጎተት፣ ፊቱ እንቅስቃሴ ያጣ፣ እጁ በዕረፍት ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ነው፤ አካሉ ሲታጠፍ እንደ ጥርስ ያለው መዘውር እየተቆራረጠ ይታጠፋል። ሕመሙም ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ይጀምራል። በሁለቱም ወገን እኩል፣ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ የመጣ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» መሆን አለበት። ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ በየወሩ የሚወጋው ፍሉፌናዚንና ለማስታወክ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ ሁሉ የዶፓሚንን ዲ2 ተቀባይ ይዘጋሉ። ለራስ ማዞር በየፋርማሲው በቀላሉ የሚገኘው ሲናሪዚን ደግሞ ካልሲየምንና ዶፓሚንን በአንድ ክኒን ያገናኛል። በስሙ የካልሲየም በር ዘጊ ቢሆንም በአንጎል ውስጥ የዲ2 ተቀባይንም ስለሚዘጋ በአዛውንቶች ላይ ለወራት ሲወሰድ ፓርኪንሰን መሰል ሕመም ያመጣል። ይህም ከ1980ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። እንዲህ ላለው ሰው ሌቮዶፓ ማዘዝ በተቆለፈ በር ላይ ቁልፍ መደርደር ነው። የሚበጀው መድኃኒቱን ማቆምና ለወራት መታገሥ ነው። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ከሆነ ግን ያዘዘውን ባለሙያ ሳያማክሩ በድንገት ማቋረጥ አይገባም።

ሜቶክሎፕራማይድ በተወጋች ወጣት ላይ አንገት ሲጣመም፣ ዓይን ወደ ላይ ሲሰቀል፣ ምላስ ሲወጣ ቤተሰብ ዛር ወይም ቡዳ ነው ብሎ ወደ ጸበል ሊወስዳት ይችላል፤ ባለሙያውም መንጋጋ ቆልፍ ሊመስለው ይችላል። ፕሮሜታዚን ወይም ዳያዜፓም ሲወጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይለቃታል። ትራይሄክሲፌኒዲል ባለበትም ጥቂት ቀን በአፍ ይቀጥላል። መድኃኒቱ ዳግመኛ እንዳይሰጣትም በካርዷ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።

የጓያ ሽባነትን የሚያድን መድኃኒት የለም። ይሁን እንጂ መልካ፣ ረዳ ተክለሃይማኖትና ላምቤን እ.ኤ.አ. በ1997 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ያሳተሙት በዘፈቀደ ድልድል የተካሄደ ሙከራ ቶልፔሪሶን የጡንቻ መወጠርን እንደሚያላላ አሳይቷል። ሌቮዶፓ ለዚህ በሽታ ቦታ የለውም፤ የጠፋው ዶፓሚን አይደለምና።

ለፓርኪንሰን ሕመምተኛ ሌቮዶፓ በታዘዘ ጊዜ የባቄላው ጥያቄ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ አነስተኛ ጥናት 250 ግራም የተቀቀለ ባቄላ የበሉ ሕመምተኞች በደማቸው ሌቮዶፓ ከፍ ማለቱንና እንቅስቃሴያቸውም መሻሻሉን አሳይቷል። ሌቮዶፓው የሚበዛው በእሸቱ፣ በልጣጩና በበቆልቱ ሲሆን በደረቀው ባቄላ ውስጥ ጥቂት ነው። መጠኑ ከማሳ ማሳ ስለሚለያይም ባቄላ መድኃኒትን አይተካም። ነገር ግን መስከረምና ጥቅምት ላይ እሸት ሲደርስ ሕመምተኛው ሰውነቴ ከወትሮው በበለጠ ይወራጫል ቢል ተጨማሪው ሌቮዶፓ ከየት እንደመጣ መገመት ይቻላል። ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የሚጎድለው ሰው ደግሞ ባቄላ ሲበላ ደሙ ሊፈርስበት ስለሚችል፣ ከእሸት በኋላ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሽንቱ የጠቆረበት ሰው ሲመጣ ይህንም ማሰብ ይገባል።

ጾምም እንዲሁ ሊጠየቅ የሚገባው ጉዳይ ነው። ብዙ ምእመናን በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ሆነ ውኃ አይቀምሱምና የጠዋቱን ክኒን ሳይናገሩ ይተዉታል፤ ከሰዓት በኋላም ከሽሮ ወጡ ጋር ይውጡታል። የጥራጥሬው ፕሮቲን ደግሞ በአንጀትም ሆነ ወደ አንጎል በሚገባበት ደጅ ከሌቮዶፓ ጋር ይሻማል። መድኃኒቱ «አልሠራ አለ» ተብሎ መጠኑ ከመጨመሩ በፊት ሕመምተኛው በስንት ሰዓት፣ ከምን ጋር እንደሚወስደው መጠየቅ፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ እንዲወስድም መምከር ይገባል። ሕመምተኛ ከጾም ነጻ መሆኑን የንስሐ አባት ቢነግሩት የጤና ባለሙያው ከሚነግረው ይልቅ ይሰማል፤ ስለዚህ በሕመምተኛው ፈቃድ ካህኑን ማነጋገር የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።